የሞተር መጋዙ በየትኛው እጅ ይያዛል

ጥቅምት 3

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ ጤናህ ሙሉ፣ ሥራህ የቀና፣ ፊትህም የሳቀ ሆኖ ታግኝህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ወገቤ ብቻ ነው፤ እሱም ደህና አለመሆኑን ከለመደው ቆይቷል። አክስትህ፣ ማለት እናቴ፣ ጠዋት በተነሳች ቁጥር አንተን ትመርቃለች። ያሳደገችህ እሷ ናትና አይገርምም። እኔን ስትመርቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት እንዳትል። በስልክ ስናወራ ግማሹን ንፋስ ይበላዋል፣ ግማሹን አንተ በሳቅ ታልፈዋለህ። አሁን የምጠይቅህ የሚሳቅበት አይደለም።

አባታችን ካረፈ ወዲህ እንጨት ቤቱን የያዝነው እኔና ጉልቤ ነን። እኔ በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል ተቀምጬ እሸጣለሁ፣ ወንድሜ ጓሮ ከአራት ሠራተኞች ጋር ግንድ ይቆርጣል። እስከ ዛሬ በእጅ መጋዝና በመጥረቢያ ነበር የምንሠራው። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው እንጨት ቤት የሞተር መጋዝ ገዛ። እኛ ግማሽ ቀን የምንታገለውን ግንድ እሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ደንበኞቻችንም ድምፁን እየተከተሉ ወደዚያ መሻገር ጀምረዋል። ጉልቤን ታውቀዋለህ፣ ንዴቱን በመጥረቢያው ላይ ሲወጣ ትከሻው ሊወልቅ ነው።

ስለዚህ እኛም ልንገዛ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። መጀመሪያ ወገቤን የሚያክል ማሽን ጎትቶ አወጣና «እመቤቴ፣ ትልቁን የገዛ አይጸጸትም» አለኝ። ፊቴን ሲያይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አመጣ፣ ቀጥሎ በባትሪ የሚሠራ። ሁሉም «ለእርስዎ የተሠራ» ነው። ራሴ ዞረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር ዛፍ ሲቆርጥ የኖረ ወንድም እያለኝ በሻጭ ምላስ አልገዛም ብዬ ወጣሁ። የትኛው ይሻላል? ከተገዛስ በኋላ እንዴት ነው የሚያዘው? ዘርዝረህ ጻፍልኝ።

ጉልቤም አንድ ጥያቄ አለው። ማሽኑ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው አሉ፤ እሱና አንተ ደግሞ ግራኞች ናችሁ። አንተ እንዴት እንደምትይዘው ንገረው።

ጤናህን የምትመኝ እህትህ፣ ሻለቃ። (ሌላ ስም እንደነበረኝ እኔም ረስቼዋለሁ።)


ጥቅምት 28

ለእትዬ ሻለቃ፣

ሰላምታዬ አንቺን ከነቁጣሽ፣ አክስቴን ከነምርቃቷ፣ ጉልቤን ከነትከሻው ያግኝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባባታል። ሥራም ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ዘጠኝ ዛፍ ጣልን፤ አጥር አልተነካ፣ ጣሪያ አልተነካ።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ማሽን የሚመረጠው በምትቆርጪው እንጨት ውፍረት ነው እንጂ በሻጭ ምኞት አይደለም። እናንተ ጋ የሚመጣው ግንድ ውፍረቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አያልፍም። ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ረጅሙ ብረት ከግንዱ አራት ጣት ከተረፈ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ክብደት ነው፤ ክብደት ሰውን ያደክማል፣ የደከመ እጅም ይስታል። የኤሌክትሪኩን አትናቂው። ግቢው ያለውን ዛፍ በዓመት ሁለቴ ለሚከረክም ጎረቤት እሱ ነው የሚሻለው፤ ቀላል ነው፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ጩኸቱም ሰው አያጣላም። ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው ግን የቤንዚኑ ነው። መካከለኛውን ውሰጂ።

ከመክፈልሽ በፊት ጉልቤን ይዘሽ ሂጂ። ማሽኑን ደረቱ ድረስ አንስቶ ይቁም፣ አንቺ እስከ መቶ ቁጠሪ። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ይመልሰው። ደግሞ ሻጩን ሰንሰለቱ ሲያልቅ፣ ካንዴላው ሲበላሽ መለወጫው እዚያው ከተማ ይገኝ እንደሆነ ጠይቂው። «አስመጣልሻለሁ» ካለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ቤንዚኑና የሞተር ዘይቱ የሚቀላቀሉት አብሮት በሚመጣው መጽሐፍ ልክ ነው፣ በዓይን ግምት አይደለም። ተቀላቅሎ ወር ያለፈውን ቤንዚን ለማሽኑ አትስጡት። ሰንሰለቱ የራሱ ዘይት አለው፤ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እሱንም ሙሉ። ማሽኑ ጠፍቶ ሰንሰለቱን በጓንት ሳብ አድርጉት። ትንሽ ተነስቶ መልሶ ቁጭ ካለ ልኩ ነው፤ ከሥር ከተንዘላዘለ ላልቷል። የአየር ማጣሪያውን ሥራ ባለቀ ቁጥር አራግፉ። ከእንጨቱ የሚወጣው እንደ ቅርፊት ከሆነ ሰንሰለቱ ስል ነው። እንደ ዱቄት ከሆነ ደንዟልና ቁሙ፣ ሞርዱት። ሞረዱ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ለአንዱ ጥርስ ሦስቴ ከገፋችሁ ለሁሉም ሦስቴ፤ ካዳላችሁ መጋዙ ወደ ጎን እየዞረ ያበሳጫችኋል። ፊት የሚከልል ወንፊት ያለው ቆብም ግዙ። ጉልቤ ሞቀኝ ብሎ ማውለቁ አይቀርም፣ አንቺ ግን እሺ አትበይው።

ለጉልቤ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ማሽኑ የቀኞች ነው ቢሉህ ጆሮ ዳባ ልበስ በል። መጥረቢያ እንዳስተማርከኝ አድርገህ ያዘው፤ ግራህ ከኋላ ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ቀኝህ ከፊት። እኔ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የቆረጥኩት። አለቃዬ መጀመሪያ ጮኸብኝ፣ ሥራዬን ሲያይ ግን ዝም አለ።

የናፈቃችሁ ሽቦ።


ኅዳር 20

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ጥርስህ ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ደርሶናል፣ ማሽኑም ተገዝቷል። ጉልቤ ሱቅ ውስጥ ማሽን ታቅፎ ቆሞ እኔ ጮክ ብዬ እስከ መቶ ስቆጥር ሰው ሁሉ ከበበን። ሰባ ላይ ስደርስ ሻጩን ላብ አጠመቀው፤ ጉልቤ ግን ንቅንቅ አላለም። መለወጫ ዕቃውም መደርደሪያው ላይ አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደብዳቤህን ጓሮ፣ ማሽኑ ከሚሰቀልበት በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አሁን እዚህ ቤት ሕግ ማለት አንተ ነህ። አንዱ ዘይት ሳይሞላ ሊነሳ ሲል ሌላው «ሽቦ ምን አለ?» ይለዋል። ትናንት ከሠራተኞቹ ሁለቱ ሰንሰለት አላልተሃል አላላላሁም ተባብለው ሊደባደቡ ሲሉ ወረቀቱ ሥር ወስጄ አስነበብኳቸው። ጉልቤ የመጨረሻዋን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አስነብቦኛል። እንዳልከው በግራው ይዞ ይቆርጣል፣ ደስታውም ልክ የለውም። የማዶው ሰውዬ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየን ይዤዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚህ የሚሸጠው ሰንሰለት ቶሎ ይደነዝዛል። አንተ የምትጠቀምበትን ዓይነት አንድ ሰንሰለትና ክብ ሞረድ ብትልክልን።

እናቴ ሳትመርቅህ ፖስታውን አታሽጊ ስላለችኝ ምርቃቷ ውስጡ አለ።

ሻለቃ።


ጥር 12

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ የትም ብትሆን።

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ስልክህም አይነሳም። ሰንሰለት ስለጠየቅኩህ ከብዶህ ከሆነ ተወው፣ አንፈልገውም። ጉልቤ «ሽቦ ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል። የእናቴ ዓይን ግን ደጅ ደጁን ያያል። ደህና ነኝ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ላክልኝ።

እህትህ።


የካቲት 2

ለእትዬ፣

ሰላም ለቤቱ። ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶ ነው።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። የጥቅምቱን ደብዳቤ የመጨረሻ አንቀጽ ከግድግዳው ቀድደሽ ጣዪው። ጉልቤ ማሽኑን በቀኝ ይያዝ፤ ቀኝ እጁ ከኋላ፣ ግራው ከፊት። አዲስ ደንብ ወጥቷል። እምቢ ካለ ማሽኑን አትስጪው። ሰንሰለቱን ልኬያለሁ። አክስቴን ሳሚልኝ።

ሽቦ።


የካቲት 25

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ እላለሁ፤ ልቤ ግን ነገር እያሰበ ነው። ስልክህ ዛሬም ዝግ ነው፣ ደብዳቤህም አጠረች። ጽሕፈትህም የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ሆናለች፣ መስመር ትስታለች። አውቶቡስ ውስጥ ነው የጻፍከው?

መልእክትህን ለጉልቤ አነበብኩለት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ቆይቶ አየውና ሳቀ። «ቢሮ አስገብተው ጸሐፊ አድርገውታል፣ ከዛፍ የወረደ ሰው ደንብ ያበዛል» አለ። እጁንም አልለወጠም። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ አንቀጹን አልቀደድኩም። አሥራ አንድ ዓመት በግራ ቆርጬ ምንም አልሆንኩም ያልከው አንተ ነህ፤ አሁን በሁለት መስመር ይቅር ትላለህ። ወይ ያኔ ዋሽተሃል ወይ አሁን የደበቅከው አለ። ሠራተኞቹስ ምን ልበላቸው? ምክንያት የሌለው ትእዛዝ እኔም አልቀበል፣ እንኳን ጉልቤ።

ይህን የምልህ ደግሞ ሥራ ስለመጣ ነው። በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን አሮጌ ዛፎች ክረምት ሳይገባ እንድናነሳ ማዘጋጃ ቤቱ ሰጥቶናል፣ ሃያ ስድስት ናቸው። ጉልቤ ሚያዝያ ሳይጋመስ እጨርሳለሁ ብሎ ፎክሯል። እንደዚህ ያለ ሥራ አባታችንም አግኝቶ አያውቅም።

ሰንሰለቱ ደርሷል፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ከእንግዲህ ዕቃ አልጠይቅህም። ፎቶህን ላክልኝ፣ ሙሉ ቁመትህ የሚታይበት። ካልላክህ እንደ አንድ ነገር እቆጥረዋለሁ።

ሻለቃ።


መጋቢት 10

ለእትዬ፣

ፈጣሪ አንቺንም ቤቱንም ይጠብቅልኝ። ይህን ስታነቢ ቁጭ በዪ፣ አክስቴ እንዳትሰማ በሩን ዝጊ።

ኅዳር 30 ከቀትር በፊት አንድ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ እያራገፍኩ ነበር። ማሽኑን በለመድኩት በግራዬ ይዤው ነበር። የብረቱ አፍንጫ ከቅጠሉ ሥር የተደበቀ ቅርንጫፍ ነካ። አፍንጫው እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ያዥው ተመልሶ ይወነጨፋል፤ ይህን ማንም የእኛ ሙያ ሰው ያውቃል። የማላውቀው ግን ነበር፣ ወይም ማወቅ ያልፈለግኩት። ሰንሰለቱ የተገጠመው በማሽኑ ቀኝ በኩል ነው። በቀኝ ስትይዢው ከሰውነትሽ ይርቃል፣ ቢወነጨፍም በትከሻሽ ዳር ያልፋል። በግራ ስትይዢው ግን ከአንገትሽ ፊት ለፊት ይሆናል። ሰንሰለቱን የሚያቆመውን ፍሬን ገፍቶ የሚመታው የፊተኛው እጅ አንጓ ነው፤ እጅ ሲዛነፍ እሱም ቦታውን ይስታል።

እኔን ከግራ ትከሻዬ ገባ። ቁስሉ ድኗል። ነርቩ ተቆርጧል። ሐኪሙ ሊያጋጥመው ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አሁን ግራ እጄ ማንኪያ አያነሳም። ይህን በቀኜ ነው የምጽፈው።

ለምን ደበቅክ ትይኛለሽ። ያ አለቃዬ ሥራዬን ሲያይ ዝም አለ ያልኩት ውሸት ነው። ዝም ያለው ስላላየኝ ነው። የእሱ መኪና ከሩቅ ስትታይ እጄን እለውጥ ነበር፣ ስታልፍ እመልሳለሁ። ሁለቴ ይዞኝ ሁለቴ በጽሑፍ አስጠንቅቆኛል፣ ሁለቱንም ፈርሜ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ስጎዳ ድርጅቱ ደንብ ጥሷል ብሎ አሰናበተኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ይህን ለእናንተ መጻፍ አቃተኝ። እናንተ ጋ ሕግ ሆኜ ግድግዳ ላይ ተለጥፌያለሁ፤ እዚህ ግን ክፍሌ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ በጥርሴ የምቆልፍ ሰው ነኝ።

እትዬ፣ እለምንሻለሁ፣ ለጉልቤ ሁሉንም ንገሪው። ለሠራተኞቹም አንብቢላቸው። ምክንያት ብለሽኝ ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው።

ሽቦ።


ሚያዝያ 20

ለሽቦ፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሳሁ። እንዳለ ይቅር።

ጉልቤ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ላስቀድም፣ ምክንያቱም ያንተን ልብ አውቀዋለሁ። ሚያዝያ 2፣ አሥራ ዘጠነኛው ዛፍ ላይ ነበሩ። ግንዱ ወድቆ ቅርንጫፉን እያራገፈ ሳለ ልክ አንተ እንደጻፍከው ሆነ። ቆቡን ሞቀኝ ብሎ አውልቆት ነበር። ከግራ ጉንጩ እስከ አንገቱ ሥር ሠላሳ አንድ ቦታ ተሰፍቷል። ሐኪሙ በአንዲት ጣት ውፍረት ነው የተረፈው አለኝ። ድምፁ ግን አልተረፈም። ሲናገር ጆሮህን አፉ ላይ ካላስጠጋህ አይሰማም። ያ በጓሮ ሲጠራኝ መንገድ ላይ የሚሰማው ሰውዬ።

ደብዳቤህ ሚያዝያ 10 ደረሰችኝ። ሆስፒታል በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኳት። ስለ እጅህ አለቀስኩ፤ ይህን እወቅልኝ። ከዚያ ፖስታውን ገለበጥኩት። ደብዳቤው ላይ የጻፍከው ቀን መጋቢት 10 ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም መጋቢት 30 ነው። ከአንተ ወደ እኛ አሥር ቀን ነው የሚፈጀው፣ ሁሌም። በጻፍክበት ቀን ብትልከው መጋቢት 20 እጄ ላይ ነበር።

ያ ወረቀት ሃያ ቀን የት ነበር?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ቅደጂው ስትለኝ አልቀደድኩም። ምክንያት አምጣ ብዬ ከወንድሜ አንገት ጋር እልህ ተጋባሁ። ይህን ለማንም አልደብቅም። ላንተ ግን ጥያቄ አለኝ፣ መልስልኝ። እናቴ የሁለታችሁንም ሰምታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ስትመርቅ አልሰማሁም።

እህትህ።


ግንቦት 4

ለእትዬ፣

የምትሰጪኝን ስም ሁሉ እቀበላለሁ።

ወረቀቱ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ፖስታ ቤቱ ከክፍሌ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። በየጠዋቱ ይዤው እሄድ ነበር። ሳጥኑ አጠገብ ስደርስ አንቺ ለሠራተኞቹ ስታነቢ ይታየኛል፤ መኪና ሲመጣ እጁን ይለውጥ ነበር የምትለው መስመር ላይ ስትደርሺ ፊታቸው ይታየኛል። ነገ እላለሁ። ስልኬንም የዘጋሁት በዚሁ እፍረት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ዳቦ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ለመጣሁበት ምክንያት እንዲኖረኝ ከእሷ ዳቦ ገዝቼ እመለስ ነበር። ሃያ ቀን ዳቦ ገዛሁ።

ጉልቤ በግራው እንደያዘ ጽፈሽልኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዛፍ እንዳለበትም ጽፈሽልኝ ነበር። ሁሉንም አውቄ ነው። የእኔ እፍረትና የእሱ አንገት ፊቴ ቀርበው እኔ እፍረቴን መረጥኩ። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም።

ድምፁ ይመለስ እንደሆነ ሐኪሙ ምን አለ? እባክሽ ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ሽቦ።


ግንቦት 22

ለሽቦ፣

ጉልቤ ነኝ። ሰላምታውን ሻለቃ ትችልበታለች፣ እኔ ልዝለለው። ድምፄ አይመለስም ብለዋል። ጸጥ ያለ ሰው ሆኛለሁ፣ ሻለቃ ብቻዋን መጮህ ሰልችቷታል።

የምነግርህን ለእሷም ያልነገርኳት ነው፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አስነብባታለሁ። ያቺ የየካቲት ደብዳቤህ ስትመጣ ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ አይቼዋለሁ። ያንን ጽሕፈት አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪው ግራ እጅህን በመሐረብ ከወንበሩ ጋር አስሮ በቀኝ ሲያጽፍህ አጠገብህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይወድቁ ነበር፤ የየካቲቶቹም እንደዚያው ነበሩ። ግራ እጅህ አንድ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። በምን እንደሆነም ገባኝ፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ በቀኝ ይያዝ ብለሃልና። ከዚያ ሳቅኩ፣ ጸሐፊ አድርገውታል አልኩ፣ ማሽኑንም በግራዬ አነሳሁ።

ለምን ብትለኝ፣ ሻለቃ እንዳትደነግጥ፣ እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ነው ልልህ እችላለሁ። ሰበብ ነው። እውነቱ፣ አንተን የመታህ ነገር እኔን ይመታኛል ብዬ አላሰብኩም። መጥረቢያ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ከአንተ እበልጣለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። አንተ ቀጭን ስለሆንክ ነው፣ እኔ እይዘዋለሁ አልኩ። ይህን ከማንም ፊት ብናገር አፍራለሁ፣ ግን እንዲህ ነው ያሰብኩት።

ስለዚህ ሃያዋን ቀን ይዘህ ራስህን አትብላ። አልጋ ላይ ተኝቼ ቆጥሬዋለሁ። ወረቀትህ በጊዜው ብትላክ መጋቢት ሃያ ትደርስ ነበር፣ እኔ የተመታሁት ሚያዝያ ሁለት ነው። አሥራ ሁለቱ ቀን ያንተ ነው፣ አልቀንስልህም። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ሃያ ያለው ሠላሳ አምስት ቀን ግን የእኔ ነው። እሱን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቀሩትን ሰባት ዛፎች ለማንሳት ሠራተኞቹ ሥራ ጀምረዋል። ከአራቱ አንዱ ግራኝ ነው፤ እኔን አይቶ እኔን መስሎ ማሽኑን በግራው ይይዛል። ደብዳቤህን ሻለቃ አንብባላቸዋለች። ራሳቸውን ነቅንቀው አዘኑልህ፣ የእኔንም «ዕድሉ ነው» አሉ። እሷ ስትቆም በቀኙ ይይዛል። በሩ ላይ ደንበኛ መጥቶ ዞር ስትል ይለውጣል፣ በመስኮት አይቼዋለሁ። አንተ በአለቃህ ላይ ታደርገው የነበረው ማለት ነው። እኔ ልጮህበት አልችልም። ከጉሮሮዬ የሚወጣው ነገር ከሞተሩ ድምፅ በላይ አይሰማም።

ሥራ የለኝም ብለሃል። እዚህ ና። እጅ አይደለም የምፈልገው፣ እጅማ ሞልቶኛል፤ የምፈልገው አፍህን ነው። መጥተህ ሸሚዝህን አውልቀህ ትከሻህን አሳየው። የአለቃህ መኪና ስትታይ እጅህን እንዴት ትለውጥ እንደነበር፣ ሁለቱን የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንዴት እንደፈረምክ፣ ሃያ ቀን ዳቦ እንዴት እንደገዛህ ሳታስቀር በራስህ አፍ ንገረው። እንደምታፍር አውቃለሁ። እኔ ፊቴን ሳልሸፍን አጠገብህ እቆማለሁ።

ወንድምህ።